ተጨማሪ መረጃ፦ ሞገዱ ያው፣ ስሙ ሌላ

የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ ስሙን ሲቀይር ማሠራጫውና የተፈቀደለት ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ይቀጥላሉ። የሚለወጡት ስሙ፣ ዓርማውና በዘፈኖች መሀል የሚሰማው አጭር መለያ ዜማ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሙዚቃ ምርጫውና አቅራቢዎቹ አብረው ይቀየራሉ።

በፈረንሳይ «ዩሮፕ 2» የተባለው የሙዚቃ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 «ቨርጂን ሬዲዮ» ተባለ። አዲሱ ስም የብሪታንያው ቨርጂን ግሩፕ ንብረት ስለሆነ ጣቢያው ይሠራበት የነበረው በፈቃድ ውል ነው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2023፣ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። በካናዳ ኩዊቤክም «ኤነርዢ» የተባሉት ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የፈረንሳዩን «ኤንአርጄ» ስም በውል ወስደው ነበር፤ በ2015 ግን ወደ ቀድሞ መጠሪያቸው ተመለሱ።

ስም ይህን ያህል የሚያስጨንቀው በምክንያት ነው። በፈረንሳይ የአድማጭ ብዛት የሚለካው ሜዲያሜትሪ የተባለው ድርጅት ሰዎችን በስልክ እየጠየቀ፣ የትኞቹን ጣቢያዎች እንዳዳመጡ በሚሰበስበው መረጃ ነው። አድማጩ ስሙን ካላስታወሰ ለጣቢያው አይቆጠርለትም፤ የማስታወቂያ ዋጋ ደግሞ በዚሁ ውጤት ላይ ይመሠረታል። ስለዚህ ለዓመታት በሰው ጆሮ የቆየ ስም ትልቅ ሀብት ነው፤ ከመቀየሩ በፊት በጥንቃቄ ሊታሰብበት ይገባል።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችሁ ከሚሰሙት ሬዲዮ ጣቢያዎች አንዱን ምረጡ። ስሙን ቢቀይር ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል?