ቃልን የምታፈርሰው «ኤ»፦ በሕክምና እንግሊዝኛ ስለ አንድ ባዕድ መነሻ

በሐዋሳ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ በምሠራበት የሕፃናት ክፍል አንድ ሌሊት የሦስት ዓመት ልጅ የሪፈር ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ኤ ፌብራይል ሲዠር» ነበር። «ኤ» ከተከታዩ ቃል ጋር ትጋጠም ወይም ትነጠል ከእጅ ጽሑፉ መለየት አልተቻለም። ተነጥላ ከተነበበች ከትኩሳት ጋር የመጣ መንቀጥቀጥ ማለት ነው፤ ተጋጥማ ከተነበበች ግን ትኩሳት የሌለበት መንቀጥቀጥ ይሆናል። ልጁ የትኩሳት ማስታገሻ ወስዶ ስለነበር ሙቀቱ 37.2 ብቻ ሆነ። ነገሩን የፈቱልን እናቱ ናቸው፤ «ዶክተር፣ ከትናንት ጀምሮ እንደ እሳት ያቃጥለዋል» አሉ። የወባና የማጅራት ገትር ምርመራ ያዘዝነው ከዚህ በኋላ ነው። ከወረቀቱ አስቀድመን እርሳቸውን መጠየቅ ይገባን እንደነበር አልክድም።

ይህች «ኤ» ከግሪክኛ የመጣች ባዕድ መነሻ ስትሆን ትርጉሟ «አልባ» ወይም «የሌለው» ነው። በአናባቢ ድምፅ ፊት ስትውል «አን» ትሆናለች። ሲምፕቶማቲክ ምልክት ያለው ነው፤ ኤሲምፕቶማቲክ ምልክት የሌለው። አኑሪያ ሽንት አልባነት፣ አፕኒያ ትንፋሽ አልባነት፣ አኔስቴዥያ ስሜት አልባነት ነው። አንዷን መነሻ ያወቀ ተማሪ በርካታ ቃላትን በአንድ ጊዜ ያውቃል፤ በየሰሌዳው ቃል በቃል ከሚሸመድድ ይህ ይሻለዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን አንድ እንቅፋት አለ። በቋንቋችን በግሥ መነሻ ላይ የምትገባው «አ» አብዛኛውን ጊዜ አታፈርስም፤ ታስደርጋለች እንጂ። ደረቀ ብለን አደረቀ፣ ገባ ብለን አገባ እንላለን። ስለዚህ የግሪኩን መነሻ ከዚህች «አ» ጋር ሳይሆን «አልመጣም» ከሚለው «አል» ጋር አዛምዶ መያዝ ይጠቅማል።

መነሻው ቁልፍ ነው እንጂ ሙሉ ፍቺ አይደለም። አኔሚያ በቃሉ «ደም አልባ» ቢሆንም ደም የሌለው በሽተኛ አላየንም፤ አማርኛው «ደም ማነስ» ማለቱ ይበልጥ ትክክል ነው። አኑሪያም ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር በታች መሽናት ተብሎ ይተረጎማል እንጂ አንድም ጠብታ አለመኖር አይደለም። ከሁሉም የሚገርመው አስፊክሲያ ነው፤ በግሪክኛው «የልብ ትርታ አልባ» ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በማዋለጃ ክፍል ቃሉን የምንጠቀመው ሲወለድ ትንፋሽ ላቃተው፣ ብዙ ጊዜም ልቡ እየመታ ላለ ጨቅላ ነው።

በ«አ» የሚጀምር ሁሉ የዚህ ቤተሰብ አይደለም። አብኖርማል የላቲን «አብ»፣ አናቶሚ «አና»፣ አንቲባዮቲክ «አንቲ» የሚሉ ሌሎች መነሻዎች አሏቸው። መለያው መነሻውን ገፍፎ የቀረውን መመርመር ነው፤ ቀሪው ትርጉም ያለው ቃል ወይም ግንድ ከሆነ፣ «አልባ»ም ከሰመረለት መነሻችን ናት።

በቃል ርክክብ ጊዜ ችግሩ ይብሳል። የእንግሊዝኛውን መስተአምር «ኤ» ብለን ስለምንጠራው «ኤ ቲፒካል» እና «ኤቲፒካል» በጆሮ አይለዩም፤ የመጀመሪያው የተለመደ፣ ሁለተኛው ያልተለመደ ሆኖ ሳለ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ በክፍላችን «ኤፌብራይል» ብሎ መጻፍ ቀርቷል። የሙቀቱን ቁጥር፣ የተለካበትን ሰዓትና ማስታገሻ ተሰጥቶ እንደሆነ እንጽፋለን።