የሐኪሙ ዋጋና የታማሚው ሐፍረት

የልቡን ምሥጢር ለአእምሮ ሐኪም የገለጠ ሰው፥ ዋጋውን ለመጠየቅ ግን ሲያፍር እናያለን። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 በጻፈው ምክር፥ ሐኪም ስለ ገንዘብ ከመጀመሪያው በግልጥ ይናገር፥ ሒሳቡም ሳይከማች በየጊዜው ይከፈል ብሏል። ታማሚው ቢቀርም እንኳ ሰዓቱ ለእርሱ ተለይቶ የተያዘ ነውና እንዲከፍል ደንብ አድርጎ ነበር።

ይህ ደንብ ለድኻ ይከብዳል። እርሱም ራሱ በ1918 በቡዳፔስት ባደረገው ንግግር፥ ለድኾች ነጻ ሕክምና የሚሰጥበት ጊዜ እንደሚመጣ ተናገረ፤ በ1920 በበርሊን በተከፈተው የሕክምና ቤትም ታማሚው እንደ ዐቅሙ ይከፍል፥ ያጣውም በነጻ ይታከም ነበር።

ስለዚህ ዋጋን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም እንላለን። መክፈል ያቃተውም ሰው ከሐኪሙ ከመሸሽ ይልቅ ችግሩን ይንገረው፤ የተሸሸገ ዕዳ ሌላ ሕመም ይሆናልና።