የቤታችንን ራውተር ማን ያዘዋል?

ራውተር ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የአንቴናውን ብዛትና ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን የፍጥነት ቁጥር ነው። ሁለቱም ስለ ደኅንነቱ የሚናገሩት ነገር የለም። ራውተር ማለት ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪና የራሱ ሶፍትዌር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቀን ከሌት ሲሠራ ይውላል፣ ያድራል፤ የቤተሰቡ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና ካሜራ ከውጭ ጋር የሚገናኙትም በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ገዢ ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው፣ ይህን ሶፍትዌር ማን ይጠግነዋል፣ እስከ መቼስ ይጠግነዋል የሚለውን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በብዙ ራውተሮች ጀርባ ይህ ጽሑፍ ያለበት ቁልፍ አለ። ረጅም ፓስወርድ መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው፣ ቁልፉን ተጭኖ ወይም ስምንት አሃዝ ያለው ፒን አስገብቶ ዋይፋይ እንዲያገኝ ተብሎ የተሠራ ነው። ስምንት አሃዝ ሲባል መቶ ሚሊዮን አማራጭ ያለው ይመስላል። ነገር ግን የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ ሰባት ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ መመርመሩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ከተሳሳቱ እዚያው ላይ ይናገራል። ስለዚህ ሰርጎ ገብ ለመጀመሪያው ግማሽ ቢበዛ 10,000 ጊዜ፣ ለሁለተኛው 1,000 ጊዜ ይሞክራል፤ በድምሩ 11,000። ይህ ለኮምፒውተር የሰዓታት ሥራ ነው። ጉድለቱ ይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ማሻሻያ ያላገኘ ራውተር ፓስወርዱ ምንም ያህል ቢረዝም በዚህ በኩል ሊገባበት ይችላል። ደብሊው ፒ ኤስን ከሴቲንጉ ማጥፋት የማይቻልበት ራውተር ባይገዛ ይሻላል።

ራውተሩን ከርቀት ማስተዳደሪያው መንገድም ሌላ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ጀርመን ውስጥ 900,000 ገደማ የዶይቼ ቴሌኮም ደንበኞች አገልግሎት ተቋርጦባቸው ነበር። ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ዝርያ፣ የኢንተርኔት ድርጅቶች ራውተሮችን ከሩቅ ለማስተካከል በሚጠቀሙበት መንገድ ሊገባ ሲሞክር መሣሪያዎቹ ሥራ አቆሙ። ሚራይ ቀድሞ የተስፋፋውም ከፋብሪካ የወጡበት ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች እያደነ ነው።

እንዲህ ያለው ቀዳዳ ሲገኝ አምራቹ ማሻሻያ ካላወጣ ባለቤቱ ምን ያድርግ? መልሱ የመጣው ከአንድ ሰማያዊና ጥቁር ሳጥን ነው። ሊንክሲስ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለውን ራውተር ለገበያ አቀረበ። ውስጡ የሚሠራው ሊኑክስ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደሆነ ባለሙያዎች ደረሱበት። ሊኑክስን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ፈቃዱ ግን አሻሽሎ የሚሸጥ ሁሉ ኮዱን እንዲሰጥ ያስገድዳል። ኩባንያው በ2003 ኮዱን ለቀቀ። በ2004 በዚያ ላይ ተመሥርቶ ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ተጀመረ፤ ዛሬ ከብዙ አምራቾች በወጡ እጅግ ብዙ ዓይነት ራውተሮች ላይ ይጫናል። አምራቹ የተወውን ራውተር በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ሲጠግኑት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ኦፕንደብሊውአርቲ ከደኅንነቱ ባሻገር ለሀገራችን ቤቶች እጅግ የሚጠቅም አንድ ነገር አለው። መስመሩ ጠበብ ባለበት ቤት አንዱ ቪዲዮ ሲጭን ወይም ስልኩ ፎቶዎቹን ወደ ክላውድ ሲልክ፣ ሳሎን ውስጥ ዋሽንግተን ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ የሚያወሩት እናት ድምፅ ይቆራረጣል። ብዙ ሰው መስመሩ ደከመ ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ ሞደሙ ወይም ራውተሩ ዳታውን አጠራቅሞ ረጅም ሰልፍ መፍጠሩ ነው፤ የጥሪው ድምፅ ከፋይሉ ኋላ ይሰለፋል። ኦፕንደብሊውአርቲ ላይ ኤስኪውኤም የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ፣ ፍጥነቱን ከተለካው ወደ 90 በመቶ ዝቅ አድርጎ መሙላት ሰልፉን ራውተሩ ራሱ እንዲያስተናብረው ያደርጋል። ከፍጥነቱ ጥቂት ይቀነሳል፤ ጥሪው ግን ጥርት ይላል። ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ መክፈት፣ ርካሹን ካሜራ ከላፕቶፑ መለየትም እዚያው ይቻላል።

መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ ሲገዙ የራውተሩን ስም ብቻ ማወቅ አይበቃም። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው የቨርዥን ቁጥር መነበብ አለበት። ደብሊውአርቲ54ጂ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው አምስተኛ ቨርዥን ሚሞሪው በግማሽ ተቀንሶ ሊኑክሱም በሌላ ሲስተም ተተክቶ ነበር፤ ስሙ ግን ያው ነው። ዛሬም በአንድ ስም የተለያየ ቺፕ ያላቸው ሳጥኖች ይሸጣሉ። ስሙንና ቨርዥኑን ከኦፕንደብሊውአርቲ የመሣሪያዎች ዝርዝር ጋር እዚያው ሱቅ ቆሞ በስልክ ማመሳከር ይቻላል። 16 ሜጋባይት ፍላሽና 128 ሜጋባይት ራም ከሌለው ርካሽ ቢሆንም ይቅር። የኢንተርኔት ድርጅቱ የሰጠው የፋይበር መሣሪያ ካለ መጣል አያስፈልግም፤ የራስን ራውተር በኬብል ከኋላው ማገናኘት ይበቃል። ሶፍትዌር የመቀየር ፍላጎት የሌለው ሰው የቼክ ሪፐብሊክ የዶሜይን ስሞች አስተዳዳሪ የሠራውን ቱሪስ ኦምኒያን ቢያገኝ መልካም ነው፤ መሠረቱ ኦፕንደብሊውአርቲ ሲሆን ራሱን በራሱ ያሻሽላል።

ሶፍትዌሩ ሲጫን መብራት ከጠፋ ራውተሩ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ መጀመር ያስፈልጋል። ከተጫነ በኋላ ዋይፋዩ በአብዛኛው ጠፍቶ ስለሚነሳ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ የለም፤ ላፕቶፑን በኬብል አገናኝቶ 192.168.1.1 ላይ ገብቶ መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ማውጣት፣ ከዚያ ዋይፋዩን በደብሊውፒኤ3 ምስጠራ መክፈት ነው፤ ቆየት ያለ ስልክ ካለ ደብሊውፒኤ2 እና 3 በአንድነት የሚሠሩበትን መምረጥ። ሲጫን ይበላሻል ብሎ ለሚሰጋ ሰው ደግሞ፣ ኦፕንደብሊውአርቲ ዋን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በ89 ዶላር ገደማ የወጣው የፕሮጀክቱ የራሱ ራውተር ሁለት የተለያዩ ፍላሾች አሉት፤ አንዱ ቢበላሽ በስዊች ወደ ሌላው ዞሮ ይነሳል።