በቤት የሚሠራ ጄኔሬተር፦ ማግኔቱ፣ ኮይሉና የማይቀረው ተቃውሞ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ተርባይንና ጄኔሬተር የሻይ ቤት ወሬ ሆነዋል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር የሰማ ተማሪ ከድሮ ስፒከር ማግኔት ፈልቅቆ፣ ከተቃጠለ ሞተር የመዳብ ሽቦ ፈትቶ የራሱን ጄኔሬተር ለመሥራት ቢነሣ ደስ ይለኛል። ግድቡ የቆመበት ጉባ ላይ ያለው ግዙፍ ማሽንም ሆነ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ሥራ የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው፤ በኮይል ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍሰት ሲለዋወጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይሁንና የግድቡ ጄኔሬተሮች ማግኔትነታቸውን የሚያገኙት ከሚላክላቸው ኤሌክትሪክ ነው። በቤት የሚሠራው ጄኔሬተር የቅርብ ዘመድ ያለው አዳማ ነው። ከከተማዋ በላይ የቆሙት የአዳማ አንድ 34 የነፋስ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ፣ በቋሚ ማግኔት የሚሠሩና ካምቢዮ የሌላቸው ናቸው። ክንፉ በዞረበት ፍጥነት ማግኔቱም አብሮ ይዞራል።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት ወደ ኮይል አስገብቶ ሲያወጣ የመለኪያው መርፌ መወዝወዙን፣ በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ውስጥ ሂፖሊት ፒክሲ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር መሥራቱን የትኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ ይነግራል። ዛሬ በቤቱ ጄኔሬተር ለሚሠራ ሰው ይበልጥ ቁም ነገር ያለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሆነው ነው። ጃፓን ውስጥ ማሳቶ ሳጋዋ፣ አሜሪካ ውስጥ የጄነራል ሞተርስ ተመራማሪዎች በየፊናቸው የኒዮዲሚየም ማግኔትን አገኙ። ከዚያ በኋላ በመዳፍ የሚያዝ ቁራጭ ቀድሞ ትልቅ የፌራይት ጥርብ ይፈልግ የነበረውን ሥራ መሥራት ቻለ፤ ያለ ፋብሪካ የሚሠራ ጄኔሬተርም መብራት ወደሚያበራ ዕቃነት ተሸጋገረ።

ብዙው ሙከራ የሚከሽፈው ሽቦ ከመጠምጠሙ በፊት ሒሳብ ስለማይሠራ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነ ማግኔት ኮይሉ ላይ 0.3 ቴስላ ያህል ያደርሳል እንበል። ፍሰቱ 0.12 ሚሊ ዌበር ይሆናል። ኮይሉ 100 ዙር ካለው፣ ስምንት ማግኔት የተለጠፈበት ዲስክ በደቂቃ 300 ጊዜ ቢዞር ከአንድ ኮይል የሚገኘው አንድ ቮልት አካባቢ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ኤሌክትሪኩን ቀጥተኛ ለማድረግ አራት ዳዮድ ከተገጠመ ደግሞ በየቅጽበቱ ሁለቱ በመንገድ ላይ ስለሚሆኑ 1.4 ቮልት ያህል ይበላሉ። አንድ ቮልት ይህን በር አያልፍም። ሠሪው «ማግኔቱ ደካማ ነው» ብሎ ያዝናል፤ የጎደለው ግን ዙር፣ ፍጥነት ወይም ተጨማሪ ኮይል ነው።

ከሒሳቡ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ደግሞ ተመሳሳይ ሆኖ ይደጋገማል። የመዳብ ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ ስለሆነ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ምንም አያስተላልፍም። ቴስተሩ በቀጥተኛ ቮልቴጅ ላይ ከተቀመጠ፣ በደንብ የሚሠራ ጄኔሬተር እንኳ ዜሮ ያሳያል፤ ከዳዮዱ በፊት የሚወጣው ተለዋዋጭ ነውና። ማግኔቶቹ ሰሜንና ደቡብ እየተፈራረቁ መለጠፍ ሲገባቸው ሁሉም በአንድ ፊት ከተለጠፉ ፍሰቱ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ አይገለበጥም፤ ቮልቴጁም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የወጣ ማግኔት ደግሞ በአንዱ ፊቱ ላይ ሁለቱም ዋልታዎች ስላሉት ኮምፓስ ሳያስጠጉ መለጠፍ አይገባም። ከስምንት ኮይል አንዱ ተገልብጦ ከተቀጠለ የሚቀነሰው የሁለት ኮይል ሥራ ነው፤ ራሱ አይጨምርም፣ የሌላውንም ያጠፋል። ስለዚህ ኮይል ሲጨመር በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ቮልቴጁ ከወረደ የተጨመረውን ኮይል ሁለት ጫፎች መቀያየር ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በእጅ ነው። ምንም ነገር ሳይያያዝበት ከብዶ የሚዞር፣ ግን ወደ ኋላና ወደ ፊት የማይነጥር ጄኔሬተር ውስጡ ተገናኝቷል፤ ወይ የኮይሉ ቫርኒሽ ተልጧል፣ ወይ ዳዮድ ተቃጥሏል። እየያዘ እየለቀቀ የሚነጥር ከሆነ ማግኔቱ የኮይሉን ብረት እየሳበ ነው። መብራት ሲያያዝበት ምንም ክብደት የማይጨምር ከሆነ ደግሞ የትም ቦታ ኤሌክትሪክ እየሄደ አይደለም። መርካቶ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ዘንጉን በጣቱ አዙሮ ብዙ ነገር የሚያውቀው በዚህ ነው።

ከባዶ ሳይጀምሩ ያለቀለትን መጠቀምም ይቻላል። የብስክሌት ዲናሞ 6 ቮልት 3 ዋት ይሰጣል፤ ለብዙው ሙከራ ይበቃል። የመኪና ዲናሞ ግን ለነፋስ አይመችም፤ ፈጥኖ መዞር ይፈልጋል፣ ማግኔት ለመሆንም ራሱ ከባትሪ ይበላል። ማላዊ ካሱንጉ አውራጃ የነበረው ዊሊያም ካምክዋምባ እ.ኤ.አ. በ2002 የመረጠው የብስክሌቱን ዲናሞ ነበር። በአገሩ የገባው ረሃብ ከትምህርት ቤት አስወጥቶት፣ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ባገኘው የፊዚክስ መጽሐፍ እየተመራ የትራክተር ማራገቢያ፣ የብስክሌት አካልና በእሳት ዘርግቶ ያስተካከለውን የፕላስቲክ ቱቦ አገጣጥሞ በባሕር ዛፍ ማማ ላይ ሰቀለው። ስለ እሱ የተሠራው ፊልም ጀግንነቱን አሳይቷል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የዕቃ ምርጫው ነው፤ በነበረው ነፋስ ሊሠራ የሚችለውን ዲናሞ ለይቶ ወሰደ።

የዚህ ዘርፍ ታላቅ አስተማሪ የምለው ስኮትላንዳዊው ሂዩ ፒጎት ነው። የመንግሥት መብራት በማይደርስበት፣ ስኮሬግ በሚባል የባሕር ዳርቻ መንደር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የነፋስ ተርባይን ሲሠራ ኖረ። ቀደም ሲል የመኪና ፍሬን ታምቡር ይጠቀም ነበር። በኋላ ሁለት የብረት ዲስኮች ላይ ማግኔት ለጥፎ በመካከላቸው በሬዚን የተቀበሩ ኮይሎች አስቀመጠ። በኮይሎቹ ውስጥ ብረት ስለሌለ ማግኔቱ የሚይዘው ነገር የለም፤ ለስላሳ ነፋስም ያስነሣዋል። የተለመደው ንድፉ በእያንዳንዱ ዲስክ 12 ማግኔት፣ በመካከል 9 ኮይል ያለው ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ይህን ሳይረዳ ዘጠኙን ኮይሎች በአንድ መስመር የሚቀጥል ሰው ያገኘው ድምር ዜሮ ይሆናል፤ ሦስቱ ፌዞች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። የፒጎት ትልቁ ውለታ ልኩን፣ የሽቦውን ውፍረት፣ የዙሩን ቁጥር ሳይሸሽግ ጽፎ መስጠቱ ነው። በብዙ አገር ያሉ ሠሪዎች መጽሐፉን ይዘው ያንኑ ማሽን በየመንደራቸው ሠርተዋል።

የዚህ ተቃራኒ «ነፃ ኃይል» የሚባለው ንግድ ነው። ማግኔት ማግኔትን እየገፋ ያለ ምንም ነዳጅ ለዘላለም ይዞራል፣ ዞሮም አምፖል ያበራል የሚሉ ቪዲዮዎች በየስልካችን ይደርሳሉ፤ ጎበዝ ልጆች ገንዘባቸውንና ተስፋቸውን ይጨርሱባቸዋል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያለ ማቋረጥ በራሱ የሚዞር ማሽን የሚል ማመልከቻ ከእንግዲህ አልመረምርም ያለው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኒውማን ማግኔትና ኮይል ያለው ማሽኔ ከሚበላው በላይ ያመነጫል ብሎ የባለቤትነት መብት ሲከለከል ክስ መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአገሪቱ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ማሽኑን ለክቶ የሚወጣው ከሚገባው ያነሰ መሆኑን አረጋገጠ። የአየርላንዱ ስቴኦርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ኃይል ይፈጥራል ያለውን ማሽን ሳይንቲስቶች እንዲመረምሩለት በማስታወቂያ ጠራ፤ የተመረጡት 22 መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ኃይል መፈጠሩን የሚያሳይ ነገር አላየንም ሲሉ በአንድ ድምፅ ወሰኑ።

ምክንያቱን ሄንሪክ ሌንዝ እ.ኤ.አ. በ1834 አስቀምጦታል። ከኮይሉ ኤሌክትሪክ በተወሰደ ቁጥር ኮይሉ ራሱ ማግኔት ሆኖ የሚያዞረውን ይቃወማል። አምፖሉ የበራው በዚያ ድካም ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ሲቀርብልን ሽቦ የት ተደበቀ ከማለት በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ አምፖሉ ሲያያዝ ዲስኩ ዘገየ ወይስ አልዘገየም? ካልዘገየ ኃይሉ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተደበቀ ባትሪ።

ይኸው ተቃውሞ ለነፋስ ተርባይን ሠሪ ፍሬን ይሆነዋል። የሦስቱን ፌዞች ሽቦ አንድ ላይ ማገናኘት ክንፉን በመጠነኛ ነፋስ ያቆመዋል። በዐውሎ ነፋስ ግን ይህ አይበቃም፤ ክንፉ ካሸነፈ ኮይሉ ይግላል፣ ሬዚኑ ይቃጠላል፣ ተራ ኒዮዲሚየም ማግኔትም ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል። ፒጎት ለዚህ ያበጀው መላ ከኤሌክትሪክ ውጭ ነው። ጄኔሬተሩን ከማማው መሐል ትንሽ አሳልፎ ወደ ጎን ይሰቅለዋል፣ ጅራቱንም ባዘመመ ማጠፊያ ላይ ያንጠለጥለዋል። ነፋሱ ሲበረታ ክንፉን ገፍቶ ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ጅራቱ ተነሥቶ ይታጠፋል፤ ነፋሱ ሲበርድ ጅራቱ በገዛ ክብደቱ ወርዶ ክንፉን እንደገና ፊት ለፊት ይመልሰዋል።