ቀላል የጕዞ ድንኳን ለበጋና ለክረምት እንዴት ይመረጣል?

ድንኳን ለኢትዮጵያ አዲስ ዕቃ አይደለም። በጥንት ዘመን ንጉሥ ሲዘምት ከተማው ድንኳን ነበር፤ ዛሬም ሠርግና ልቅሶ ያለ ድንኳን አይታሰብም። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ግን ስለ ከባዱ የሸራ ድንኳን ሳይሆን ተጓዥ በጀርባው ተሸክሞ ተራራ ስለሚወጣው፣ ክብደቱም ከ1 እስከ 3 ኪሎ ግራም ስለሚሆነው ቀላል ድንኳን ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። እነዚህን ተራሮች በእግሩ የሚጐበኝ ሰው ሌሊቱን የሚያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ውስጥ ነው። ስለዚህ ድንኳን የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ዕቃው ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ነጋዴውን የሚያሳስተው የፋብሪካው መለያ ነው። ድንኳኖች «ባለ ሦስት ወቅት» እና «ባለ አራት ወቅት» ተብለው ይሸጣሉ። አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ባለ አራቱ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ይህ አከፋፈል የተደረገው በረዶ ለሚከመርባቸው አገሮች ነው። አራተኛው ወቅት ማለት በረዷማው ክረምታቸው ነው። ለዚያ የተሠራው ድንኳን የበረዶ ሸክምና ብርቱ ነፋስ እንዲችል ወፍራምና ከባድ ሲሆን፣ የአየር መግቢያውም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። በረዶ በማይከመርበት አገር የተኛው ሰው ትንፋሽ በጨርቁ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብበታል። እንግዲህ ለኢትዮጵያ ገበያ መጠየቅ ያለበት «ስንት ወቅት?» ተብሎ ሳይሆን «የትኛው ስፍራ፣ በየትኛው ወር?» ተብሎ ነው።

በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ በደጋው ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 3600 ሜትር ግድም ላይ ያለው የግጭ ሰፈር ከአዲስ አበባ በ8 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥም ንጋት ላይ ውርጭ ይወርዳል። ለዚህ የሚስማማው ባለ ሁለት ድርብ ድንኳን ነው። የውስጠኛው ግድግዳ ሁለንተናው መረብ ሳይሆን እስከ እኩሌታው ጨርቅ፣ ከዚያ በላይ መረብ ቢሆን ነፋሱን ይከለክላል፤ ትንፋሹንም ያስወጣል። ይሁን እንጂ ሰውን የሚያሞቀው ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ምንጣፍ እንጂ ድንኳን አለመሆኑን ሻጩ ለገዢው ሊነግረው ይገባል።

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዋናው ነገር ውሃ መቋቋም ነው። ይህም በሚሊ ሜትር ይነገራል፤ ጨርቁ ውሃ ሳያሳልፍ የሚሸከመው የውሃ ዓምድ ቁመት ማለት ነው። ለክረምት የሚሸጠው ድንኳን የላይኛው ሽፋን 1500፣ ጕልበትና ክርን የሚጫነው ወለል ደግሞ 3000 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን መልካም ነው። ቍጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ስፌቱ በውስጥ በኩል በማሸጊያ ካልተለጠፈ ውሃ በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። ሽፋኑ እስከ መሬት ተጠግቶ የሚወርድ፣ እርጥብ ጫማ የሚቀመጥበት በረንዳ ያለው፣ በጭቃ የሚጸና ረጅም ካስማ የተጨመረለት ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ጨርቁ ዓይነት ደግሞ ይህ ይታወቅ። ናይለን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ግን ስለሚለጠጥ በሌሊት አውታሩን እንደገና መወጠር ያስፈልጋል። ፖሊስተር ይህ ጠባይ እምብዛም የለበትም፤ ፀሐይንም ከናይለን ይልቅ ይችላል። የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በተራራ ላይ ቀን ከሌት ተተክለው ለሚቈዩ የኪራይ ድንኳኖች ፖሊስተር የተሻለ ነው። ምሰሶውን በሚመለከት፣ አሉሚኒየም ቢጐብጥ ሊቃና ይችላል፤ ፋይበርግላስ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ክብደቱ ይበልጣል፤ ሲሰበርም ይሰነጠራል።

ወደ ቈላ ለሚወርድ መንገደኛ ነገሩ ይለወጣል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ነፋስ የሚያስገባና ትንኝ የሚከለክል የመረብ ግድግዳ ነው።

ክብደትም እንደ ገዢው ይመዘናል። በሰሜን ተራሮች ጓዝ ብዙ ጊዜ በበቅሎ ስለሚጫን፣ ግማሽ ኪሎ ለማትረፍ ሲባል ስስ ጨርቅ በውድ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም። ጓዙን በራሱ ጀርባ ለሚሸከመው ግን ያ ግማሽ ኪሎ ዋጋ አለው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ክብደቱን ያለ ካስማና ያለ ከረጢት ስለሚጽፉ፣ አስመጪው የጠቅላላውን ክብደት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ሰው ሠራሽ ጨርቅ ድንኳን በዓለም አቀፉ የጕምሩክ አመዳደብ በቍጥር 6306.22 ይገኛል። አስመጪው ብዙ ከማዘዙ በፊት አንድ ናሙና አስልኮ በግቢው ይትከለው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል በጐማ ውሃ ያርከፍክፍበትና ስፌቱን ከውስጥ ይመርምር። በትእዛዙም ላይ የጨርቁን ዓይነት፣ የሚሊ ሜትሩን ልክና መለዋወጫ ምሰሶን ይጥቀስ። በጅቡቲ ወደብ ሙቀትና እርጥበት ስላለ፣ ዕቃው ሲደርስ ተከፍቶ ይናፈስ፤ በፖሊዩሬቴን የተቀባ ጨርቅ እርጥበት ውስጥ ከቈየ ቅባቱ እየተጣበቀ ይላጣልና።

በመጨረሻም ባለ ሱቁ ለገዢው ሳይናገር የማያልፈው አንድ ነገር አለ። በብርድ ምክንያት በድንኳን ውስጥ ከሰል ወይም ምድጃ ማንደድ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ በትንሽ ድንኳን ውስጥ ፈጥኖ ይከማቻል። ይህን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ጽፎ ከእያንዳንዱ ድንኳን ጋር ማያያዝ ወጪው የአንድ ቍራጭ ወረቀት ነው። በሱቅ ውስጥ ድንኳን ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በተራራ ላይ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ዝናም ሲወርድ ነው። በዚያ ሰዓት ገዢው ዕቃ መለወጥ አይችልምና፣ ምርጫው አስቀድሞ በነጋዴው እጅ ተስተካክሎ መሠራት አለበት።