ጠመንጃና ውርጭ

አንባቢ ሆይ፤ ከትክል ድንጋይ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ደጋ ለሚወጣ አዳኝ «ጠመንጃህን ደህና አድርገህ ቅባው» ብለህ መክረህ ይሆናል። ለአርማጭሆ ቆላ ምክርህ ልክ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውኃ በሚረጋበት ስፍራ ግን ጠመንጃውን አበላሸህበት። (በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው በሰሜን ፓርክ ውስጥ አደን ክልክል ነውና የምናገረው ከክልሉ ውጭ ስላለው ደጋ ነው።)

ወፍራም ዘይትና ግራሶ ሲበርዱ እንደ ቅቤ ይረጋሉ። ሞላው መርፌውን ቢገፋውም መርፌው እየተጎተተ ሄዶ የጥይቱን ቂጥ በደካማው ይነካዋል፤ ቃታውን ስትስብ ቀጭ ብሎ ይከሽፋል። በ1934 ዓ.ም. ታኅሣሥ በሞስኮ አቅራቢያ የነበረው የጀርመን ጦር እንኳ ቅባቱ ረግቶ መሣሪያው እምቢ ብሎት ነበር።

ስለዚህ አስቀድመህ ጥይቱን አውጣ። የመዝጊያውንና የመርፌውን አሮጌ ቅባት በላምባ አጥበህ አድርቅ፤ ከዚያም ቀጭን የጠመንጃ ዘይት በጨርቅ ጫፍ ዳሰስ አድርገህ መልሰህ ጥረገው። የሚቀረው ለዓይን የማይታይ ያህል ይሁን።

ማታም እሳት አጠገብ አታኑረው። የቀዘቀዘ ብረት የቤቱን እንፋሎት ስቦ ያልበዋል፤ ጧት ስታወጣው ላቡ በረዶ ሆኖ መርፌውን ይይዘዋል። ደጅ እንዳታሳድረው ሌባ ካሠጋህ፣ ማሥጋቱም አይቀርም፣ ከምድጃው የራቀው ጥግ ይሻላል።

ወደ ቆላ ስትወርድ ግን ቅባቱን መልስለት፤ ሳይቀባ የከረመ ብረት ዝገት ቶሎ ያገኘዋል።