ጭላዳ ሙዝ አይበላም

በየመዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ላም ሣር፣ ድመት ወተት፣ ዝንጀሮ ሙዝ። ላሊበላ ከተማ የሚያድግ ሕፃን ይህን በቃሉ ይወጣዋል። ከከተማው በላይ፣ ከ4,200 ሜትር በሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያለው ዝንጀሮ ግን የሚኖረው ሙዝ በማይበቅልበት ብርድ ነው።

የላስታ ደጋ ዝንጀሮ ጭላዳ ነው። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው አበላሉ ራሱ ትምህርት ነው። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ሣሩን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ ከዚያ ሳይነሣ በመቀመጫው ተንፏቆ ወደሚቀጥለው ይጠጋል። ከምግቡ 90 በመቶ ገደማ ሣር ነው፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ይቆፍራል። «የገብስ ሌባ ነው» ይባላል። እርሻው ግጦሹን እየገፋ ገደል አፋፍ በደረሰበት ቦታ አዝመራ መንካቱ እውነት ነው፤ ለልጅ ሲነገር ግን የግጦሹ መጥበብም አብሮ ይነገር።

ቀይ ቀበሮ በግ ጨራሽ ነው የሚለው በአመዛኙ የስም ጣጣ ነው። ሌላውም ቀበሮ «ቀበሮ» ስለሚባል የአንዱ ጥፋት ለሌላው ይተርፋል። ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ ግልገል ቢነጥቅም ዋና ቀለቡ አይጥ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የመንዝ ጓሳ ጥናት እንዳሳየው፣ በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ያሉትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ጅብስ? «ጥንብ እንጂ ሌላ አያውቅም» ይሉታል። ቁርበትም አጥንትም ይፈጫል፤ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ የሚነጣውም ከአጥንቱ ነው። ግን አዳኝም ነው። በጎረቤት ትግራይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ሲጠፋና የዕርድ ተረፈ ምርት ሲቀር በጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የአህያ ጠጉር ከእጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። የሰው ጾም የጅብን ማዕድ ይለውጣል ማለት ነው፤ ይህን የሰማ ሕፃን በሁዳዴ አህያውን ማን እንደሚያስገባ ራሱ ይጠይቃል።

ላሊበላ የሚለው ስም ራሱ፣ በትውፊቱ እንደሚነገረው፣ ንጉሡ ሲወለድ ከከበበው የንብ መንጋ ጋር የተያያዘ ነው። ሆኖም ብዙ ልጅ ንብ ማር የምትሠራው ለሰው ይመስለዋል። ንብ የአበባ ወለላና ብናኝ ትመገባለች፤ ማሩ አበባ ለሚጠፋበት ወራት ያስቀመጠችው ስንቋ ነው። ቀፎ ያላችሁ ወላጆች፣ ማር በምትቆርጡበት ዕለት ልጆቻችሁን ጠርታችሁ ለንቧ የተዋችሁላትን የማር እንጀራ አሳዩአቸው።